ፈረስ መጋላ ላይ የቆመችው የስፖርት መኪና

ሐረር ውስጥ «መኪና» የሚለው ቃል ሁለት ጌታ አለው። ከፈረስ መጋላ ተነስቶ ወደ ግድር መጋላ በሚወርደው ጠባብ ጎዳና ግራና ቀኝ፣ ልብስ ሰፊዎች የስፌት መኪናቸውን ደጅ አውጥተው ተቀምጠዋል። ጨርቁን ከአጠገባቸው ካለው ሱቅ ትገዛላችሁ፣ እዚያው ትለካላችሁ፣ ጆጎልን ዞራችሁ ስትመለሱ ልብሱ አልቆ ይጠብቃችኋል። የመርገጫው፣ የመዘውሩና የመርፌው ድምፅ ተደማምሮ ለመንገዱ ስም አውጥቶለታል፤ መኪና ግርግር ይባላል። ባለ አራት ጎማው መኪና እዚህ ጎዳና ላይ እንግዳ ነው።

እኛን ሐረር ያደረሰን ግን ያ እንግዳው ነው። ባለቤቴ ከወጣትነቱ ጀምሮ ዝቅ ያለች፣ ባለ ሁለት በር፣ ስትነሳ የምታገሳ መኪና ሲመኝ ኖሯል። መግዛቱ የሚታሰብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ደግሞ ምኞቱ ይበልጥ ርቆ ነበር። በቅርቡ አንድ የምናውቀው ሰው የራሱን የስፖርት መኪና በዓመት ውል፣ በየወሩ በሚከፈል ኪራይ ሊሰጠው ሐሳብ አቀረበ። ለቅዳሜና እሑድ ሽርሽር አይደለም፤ ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት የምታደርስ፣ ማታ ከሥራ የምትመልስ የዘወትር መኪና እንድትሆን ነው። የወር ኪራዩ ለሁለተኛዋ ልጃችን የትምህርት ቤት ክፍያ ከምናስቀምጠው ጋር ይጋፋል። እኔ «አይሆንም» ብዬ አልቆረጥኩም፣ እሱም «ይሁን» ብሎ አልፈረመም። ከፊርማው በፊት ባለችን አሮጌ መኪና ረጅም መንገድ እንሂድና በየቦታው «ያቺ ብትሆንስ?» እያልን እንየው ተባባልን። ልጆቹ ነገሩን ጨዋታ አደረጉት። ዝቅ ያለች መኪና ሆዷን የምትጫርበት ቦታ በታየ ቁጥር ደብተር ላይ አንድ ነጥብ ይመዘገባል።

ጓደኞቻችን ይህን ዓይነቱን ውል «ሊዝ» ይሉታል። እኛ አገር ሊዝ ሲባል ቀድሞ የሚታየን መሬት ነው። ለዕቃም ቢሆን ሕግ አለ፤ የካፒታል ዕቃ ኪራይ ሥራ አዋጅ ከወጣ ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ ነው። ነገር ግን የእሱ ዓላማ ትራክተርን፣ የእንጨት ሥራ ማሽንን፣ የስፌት መኪናን የመሰለ፣ ሠርቶ ኪራዩን ራሱ የሚከፍል መሣሪያ ነው። ባለቤቴ የተመኛት መኪና ደግሞ የሚከፈልላት እንጂ የምትከፍል አይደለችም። ስለዚህ በእኛ ጉዳይ «ሊዝ» ያማረ ስም ብቻ ነው፤ በሁለት ሰዎች መካከል የሚደረግ ተራ የመኪና ኪራይ ነው።

ከአዲስ አበባ ሐረር ወደ 520 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የመጀመሪያው 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የባለቤቴ ነበር። የአዳማው ፈጣን መንገድ ሜዳ ነው፤ በሰዓት እስከ 120 ኪሎ ሜትር ይፈቀድበታል፤ ደብተሩ ላይ አንድም ነጥብ አልሰፈረም። እሱም መሪውን በሁለት ጣት ይዞ ዝም አለ። ዝምታው ምን ማለት እንደሆነ አስራ አራት ዓመት በትዳር የኖረች ሴት ታውቀዋለች።

አዳማን ካለፍን በኋላ ነገሩ ተለወጠ። በየከተማው መግቢያና መውጫ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ አለ። አንዳንዱ ቀለም ተቀብቷል፤ አንዳንዱ መኖሩ የሚታወቀው ከኋላ ወንበር «እህ!» የሚል ድምፅ ሲሰማ ነው። እስከ አዋሽ ድረስ መንገዱን ከጅቡቲ ወደብ ከሚመላለሱ ከባድ መኪናዎች ጋር ትጋራላችሁ፤ ከተሳቢው ጎን ዝቅ ብሎ መንዳት ምን እንደሚመስል ለማሰብ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ጎማውን ማየት ይበቃል። አዋሽ ላይ ከ1,000 ሜትር በታች ትወርዱና ከዚያ ወደ ጨርጨር ተራሮች መውጣት ትጀምራላችሁ። ጭሮ፣ የድሮዋ አሰበ ተፈሪ፣ ሂርና፣ ቁልቢ። መንገዱ በተራራው ጫፍ ላይ ይጠማዘዛል፣ ግራና ቀኝ እርከን ነው፣ አየሩ ይቀዘቅዛል። ጥሩ መኪና የያዘ ሰው እዚህ ይደሰታል። እውነቱን ለመናገር ኩርባውን ለመቁረጥ ከተፈጠረች መኪና ጋር ይህ መንገድ ይስማማል፤ የማይስማማው በኩርባው ማዶ የምትቆመው ፍየል ናት። የኤሌክትሪክ መኪና የያዛችሁ ደግሞ ዳገቱ ባትሪውን ከሜዳው ፈጥኖ እንደሚበላው ሳትዘነጉ፣ የት እንደምትሞሉ ከቤት ሳትወጡ አረጋግጡ።

ደንገጎ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ቁልቁል ወደ ድሬዳዋ፣ ሌላው ወደ ሐረር። መኪናችንን እዚያ ስናሳርፍ ለልጆቹ የነገርኳቸው የባቡሩን ታሪክ ነው። ሐዲዱ መጀመሪያ ሐረርን እንዲነካ ታስቦ ነበር። ተራራው አስቸገረ፣ ወጪውም ከበደ፤ መስመሩ ከታች በሜዳው እንዲያልፍ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ የደረሰበት ያ ሜዳ ድሬዳዋ ሆነ፤ የአካባቢው የንግድ እናት የነበረችው ሐረር ያለ ባቡር ጣቢያ ቀረች። ማሽኑ ዳገቱን አልወጣም ሲባል ሌላ ከተማ ተወለደ። ትልቁ ልጄ ሰምቶ ሲያበቃ ለባቡሩም አንድ ነጥብ መዘገበለት።

ሐሮማያን፣ ከዚያም በጫት ገበያው የሚታወቀውንና ከሰውና ከመኪና ብዛት የተነሳ የሚያስቆመውን አወዳይን አልፈን ሐረር ስንገባ ደብተሩ ላይ 61 ነጥብ ነበር።

የግንቡ ከተማ ጆጎል ወደ 48 ሄክታር ናት። በእግር ከጫፍ እስከ ጫፍ ለማቋረጥ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ ካልጠፋችሁ ማለት ነው፤ ደግሞም ትጠፋላችሁ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግባት 82 መስጊዶችና 102 የአድባራት ቦታዎች እንዳሏት አስፍሯል። ግንቡ በአሚር ኑር ስም ይነሳል፤ ዘመኑም 16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት፤ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር፤ ሐረሪዎች ለእያንዳንዱ የራሳቸው መጠሪያ አላቸው፤ ሸዋ በርን ለምሳሌ አስማዲን በሪ ይሉታል። መኪና በሰፊው የሚገባበት ሐረር በር ከዘመናት በኋላ የተጨመረ ስድስተኛ ነው። በግንቡ ሥር ግን ማታ ማታ ጅቦች እየገቡ የከተማዋን ትርፍራፊ የሚያጸዱባቸው ቀዳዳዎች ቀድሞውኑ ነበሩ። በሐረር ወግ ለጅብ መግቢያ የታሰበለት ከመኪና በፊት ነው።

በሐረር በር ገብታችሁ ቀጥ ያለውን መንገድ ስትይዙ ፈረስ መጋላ ትደርሳላችሁ። መጋላ በሐረሪ ገበያ ነው፤ የፈረስ ገበያ የነበረው አደባባይ ዛሬ የታክሲና የባጃጅ መቆሚያ ሆኗል። እዚያ ነው ባለቤቴ በድንገት ቆሞ የቀረው። ከባጃጆቹ መሐል፣ ሰማያዊ ቀለሟ በየበሩ ጥግ የሳሳ፣ ኋላዋ እንደ ክንፍ ሾለል ያለ ፔጆ 404 ቆማለች። ከእሷ ኋላ ሌላ። ከዚያም ሌላ።

ስለ ፔጆ 404 አንድ ነገር ብዙ ሰው አያስተውልም። እ.ኤ.አ. በ1960 ስትወጣ ቅርጿን የሣለው ፒኒንፋሪና የሚባለው የጣልያን የንድፍ ቤት ነው፤ በዚያው ዘመን የፌራሪን መኪናዎች ይስል የነበረውም እሱ ነው። የምሥራቅ አፍሪካው ሳፋሪ ራሊ ጭቃና ኮረኮንች ላይ እ.ኤ.አ. በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አራት ጊዜ አሸንፋለች። ከአራቱ ሁለቱን፣ የ1963ቱንና የ1968ቱን፣ እስከ መጨረሻው የደረሱት መኪናዎች ሰባት ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ሐረር ውስጥ ሽንኩርት፣ ሙሽራና የስንዴ ከረጢት የምታመላልሰው አሮጌ ታክሲ የራሊ አሸናፊ እህት ናት። የስፖርት መኪናን የዘወትር ማድረግ ይቻላል ወይ ለሚለው የባለቤቴ ጥያቄ ሐረር ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ በሥራ ስትመልስ ኖራለች። መልሷ ግን እሱ እንዳሰበው አይደለም።

ገብተን ተቀመጥን። የፊቱ ወንበር እንደ ሶፋ አንድ ወጥ ነው፤ ማርሹ ከመሪው ጎን ነው፤ ጋቢና ውስጥ ረጅም ሰው ባርኔጣውን ሳያወልቅ ይቀመጣል። ቁመቷ ከመሬት ከፍ ያለ ነው። ሞላዋ ለስላሳ ስለሆነ ድንጋይ ስትረግጥ ትወዛወዛለች እንጂ አትመታም። ሾፌሩ፣ በዕድሜ የገፉ አባት፣ ኮፈኑን ከፍተው አሳዩን። ሞተሩ 1.6 ሊትር ብቻ ነው፤ ዙሪያው ባዶ ቦታ ስላለ እጅ እስከ ክንድ ይገባል። የተበላሸውን አካል አውጥተው እዚያው አደባባይ ላይ መፍታት እንደሚችሉ፣ የጠፋ መለዋወጫ ካለም የሚቀርጽላቸው ሰው እንዳለ አጫወቱን። ባለቤቴ ያቺኛዋ ስትበላሽ ማን እንደሚፈታት ጠየቁት። መልስ አልነበረውም፤ የሚያውቀው አንድ ጋራዥ አዲስ አበባ ውስጥ አለ፤ ዕቃው ግን ከዱባይ ነው የሚመጣው።

በዚያ ምሽት በያዝነው የእንግዳ ማረፊያ፣ ነደባ ላይ ተቀምጠን የኪራዩን ውል ረቂቅ አወጣነው። ነደባ የሐረሪ ቤት ውስጥ ያለው ባለ ደረጃ መቀመጫ ነው፤ ግድግዳው ላይ ስፌቶች ተሰቅለዋል፣ ቤቱ ቀዝቃዛ ነው፣ ቁጥር ለማሰብ ይመቻል። ረቂቁ የወር ክፍያውን በትልቅ ፊደል ጽፎ ሌላውን ዝም ብሎታል። በወር ስንት ኪሎ ሜትር ይፈቀዳል? ጉብታ ላይ ሆዷ ቢጫር፣ ፓራውልቱ ቢሰነጠቅ ማን ይከፍላል? ስስ ጎማዋ ጉድጓድ ውስጥ ቢፈነዳ? የሦስተኛ ወገን መድን የግዴታ ነው፤ ሙሉ ኢንሹራንሱ ግን በባለቤቷ ስም ለግል አገልግሎት የተገባ ከሆነ፣ በኪራይ የያዛት ሰው ቢያጋጭ ኩባንያው ይከፍላል? ይህን የመጨረሻውን ከኢንሹራንሱ በጽሑፍ ሳታገኙ ማንኛውንም መኪና በዓመት ውል አትያዙ፤ የስፖርትም ሆነች ቪትዝ። ከዚያ ልጆቹ ደብተራቸውን አመጡ። ትልቁ ከሁሉም ቀላል የሆነውን ጥያቄ ጠየቀ፤ በሁለት በር መኪና ኋላ ወንበር እሱና እህቱ ከነቦርሳቸው በየቀኑ እንዴት ነው የሚገቡት?

በማግስቱ ከመኪና ርቀን ዋልን። የፈረንሳዩ ገጣሚ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ እዚህ ቡናና ቆዳ ነግዷል፤ በስሙ የተሰየመው ባለ ፎቅ የእንጨት ቤት እሱ ከሄደ በኋላ የተሠራ ቢሆንም ውስጡ ያሉት የድሮ ፎቶግራፎች ልጆችን እንኳ ያስቆማሉ። እ.ኤ.አ. በ1891 ጉልበቱን ታሞ መራመድ ሲያቅተው፣ ራሱ በነደፈው ቃሬዛ ላይ 16 ሸካሚዎች ተፈራርቀው እስከ ዘይላ ጠረፍ፣ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተሸክመውታል። ማርሴይ ላይ እግሩ ተቆረጠ፤ በዚያው ዓመት ሞተ። ሴት ልጄ ቃሬዛው ስንት በር እንደነበረው ጠየቀች።

ከዚያ ወደ ጓዳ ጎዳናዎቹ ገባን። በነጭ፣ በሐምራዊና በአረንጓዴ የተቀቡ ግድግዳዎች እየጠበቡ መጥተው አንዱ ጋ ትከሻን ይነካሉ። አስጎብኚዎች «የዕርቅ መንገድ» የሚሉት አለ፤ የተኳረፉ ሁለት ሰዎች ከተቃራኒ አቅጣጫ ቢመጡ ሳይነካኩ ማለፍ ስለማይችሉ ነው ይላሉ። ልጆቹ እኔን ከአንዱ ጫፍ፣ አባታቸውን ከሌላው ጫፍ አስገቡን። መሐል ላይ ስንገናኝ ግድግዳ ተደግፌ አሳለፍኩት። በዓመት ውል ሳይሆን ለጋብቻችን ቀን፣ ለሁለት ቀን ብቻ ቢከራያትስ አለኝ። ለሁለት ቀን ከሆነ እኔም እነዳለሁ አልኩት።

ከልጆች ጋር ለምትሄዱ፦ መኪናችሁን ከግንቡ ውጭ፣ ጥበቃ ያለበት ቦታ አቁሙና እርሷት። ሁለት ቀን ይበቃል፣ ሦስት ቢሆን የተሻለ ነው። በማለዳ ሸዋ በር ገበያ፣ ከሰዓት በኋላ መኪና ግርግር፤ ለአንዱ ልጅ ሸሚዝ አሰፉለት፣ ልኬቱን ራሱ ይቁም። ጫማችሁ ሶሉ የማያንሸራትት ይሁን፣ ኮብሉ በዝናብ ሳሙና ነው። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ሰው አስፈቅዱ፤ በተለይ ሰፊዎቹና ገበያ ላይ ያሉት እናቶች።

ለመጨረሻው ማታ ያንኑ ሰማያዊ ፔጆ ጠርተን ከግንቡ ውጭ ጅቦቹ ወደሚመገቡበት ሄድን። መብራት የለም። አባታችን መኪናዋን በዝግታ አዙረው የፊት መብራቷን ወደ ሜዳው ለቀቁት። በመጀመሪያ የታየው ዓይን ብቻ ነበር፣ ከዚያ ትከሻ፣ ከዚያ ሰባት ስምንት ጅብ። ሥጋ የሚያበላው ሰው አንዱን በስሙ ጠራው። ልጆቼ ከኋላ ወንበር፣ ሁለቱም በየበራቸው መስኮት፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ያያሉ።