«ለምን መስከረም ላይ አይሆንም?» ላላችሁኝ ልጆች

ይህን የምጽፈው ባለፈው እሁድ ኮምቦልቻ ልምምድ ላይ ለነበራችሁት ይቅርታ ለመጠየቅ ነው። ላልነበራችሁት ደግሞ ነገሩን ላስረዳ። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

እንደምታውቁት መሰንቆ ያስተማረንን ጋሼን ለማሰብ በየዓመቱ ኅዳር ላይ አንድ የሙዚቃ ምሽት እናዘጋጃለን፤ አንድ ዓመት ደሴ፣ አንድ ዓመት ኮምቦልቻ። (ስሙን እዚህ አልጽፍም። እሱም ስሙ ሲጠራ አይወድም ነበር፣ ልጆቹም እንደሱ ናቸው።) መግቢያ እናስከፍላለን፤ በተገኘው ብር ወላጅ ለሌላቸው ተማሪዎች ደብተርና ዩኒፎርም ይገዛል። ልብስ ሰፊ አለን፣ ነርስ አለች፣ ባንክ ቤት የሚሠራ አለ፣ ባጃጅ የሚነዳ አለ። ግማሾቻችሁ ፊዚክስ ያስተማርኳችሁ ናችሁ። «ኦርኬስትራ» የሚለውን ስም ያወጣችሁት እናንተ ናችሁ፤ እኔ «ኪነት» ስል ትስቃላችሁ።

እሁድ ዕለት አንዷ ተነስታ «ቲቸር፣ ለምን መስከረም ላይ አናደርገውም? ዝናቡ ያቆማል፣ ከውጭ የመጣው ሰው ገና አልተመለሰም፣ አዲስ ዓመት ነው፣ አዳራሹ ጢም ይላል» አለች። የተናገረችው ሁሉ ትክክል ነበር። እኔ ግን «መስከረም አይሆንም አልኩ!» ብዬ ጮህኩባት። ሠላሳ ዓመት ሳስተምር ክፍል ውስጥ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። ክራሬን ሸክፌ ወጣሁ፣ ሚኒባስ ይዤ ወደ ደሴ ወጣሁ። ሐረጎውን ስንወጣ ጉሙ ተቀበለኝ፣ ያኔ ነው የተጸጸትኩት። እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ምክንያቱን ልንገርሽ።

1976 ዓ.ም. ክረምት ላይ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የዘመኑ ልጆች ላታውቁት ስለምትችሉ፣ ያኔ በየቀበሌው ኪነት ነበር። የሠፈር ልጅ ይሰበሰባል፤ ድምፅ ያለው ይዘፍናል፣ ትከሻው የሚታዘዝለት እስክስታ ይወርዳል፣ እኔን የመሰለው ከበሮ ይመታል። ጎበዝ የሆነ ደግሞ ከፍ ከፍ እያለ እነ ማሪቱ ለገሰ ከነበሩበት ከወሎ ላሊበላ ኪነት እደርሳለሁ ብሎ ያልማል። ሁላችንም እናልም ነበር። የምንዘፍነው በአብዛኛው መፈክር ነው፤ ዜማው ግን የአባቶቻችን ነው። ጋሼ «ቃሉ የነሱ ነው፣ ቅኝቱ የኛ ነው» ይል ነበር፣ በሹክሹክታ።

ጋሼ ኖታ አያውቅም። ቀን ጫማ ይሰፋል፣ ማታ ያስተምረናል። አራቱን ቅኝቶች፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን፣ ያስተማረን በአገሩ ነው። ባቲ ሲለን የባቲን የሰኞ ገበያ እያሳየን ነው፤ አፋሩ ግመሉን እየነዳ ከቆላ ሲወጣ፣ ኦሮሞውና አማራው ከደጋ ሲወርድ። አምባሰል ሲለን ደግሞ ከሐይቅ ወዲያ ያለውን ተራራ በእጁ ያመለክተናል። እኔ ኋላ ፊዚክስ ተምሬ ነገሩን በቁጥር አየሁት፤ ሁሉም አምስት አምስት ድምፅ ነው፣ ልዩነቱ በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ነው። ትዝታን ከዶ ብትጀምሩት ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ነው። ባቲን ስትሉ ሬ እና ላ ይወጡና ፋ እና ሲ ይገባሉ። ቁጥሩን ካወቅሁ በኋላም ግን ባቲ ስሰማ የሚታየኝ ግመል ነው።

ይህን የምነግራችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። «ለምንድነው ፕሮግራሙን እንደ ደስታችን የማናደራጀው?» የምትሉኝ መልሱ እዚህ ላይ ነው። መሰንቆ አንድ ጭራ ነው፣ ጣት ያዝዘዋል፣ ከቅኝት ቅኝት ለመሄድ ችግር የለበትም። ክራር ግን ስድስት ጅማት አለው፤ ከትዝታ ወደ ባቲ ስትሄዱ መልሳችሁ መቃኘት አለባችሁ፣ ሕዝቡ እየጠበቀ። ስለዚህ የትዝታዎቹ አንድ ላይ፣ የባቲዎቹ አንድ ላይ ይሆናሉ። በዚያ ላይ ደሴና ኮምቦልቻ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር አይራራቁም፤ የከፍታ ልዩነታቸው ግን ስድስት መቶ ሜትር ገደማ ነው። ደሴ በጉም የረጠበው የከበሮ ቆዳ ኮምቦልቻ ሲደርስ በሙቀቱ ይወጠርና ሌላ ከበሮ ይሆናል። ጋሼ ኮምቦልቻ ስንወርድ ከሁለት ሰዓት በፊት መድረስ አለብን የሚለው ለዚህ ነበር፤ «መሣሪያውም እንደ ሰው አየሩን ይልመደው» ብሎ።

ወደ መስከረም ልመለስ።

በዚያ ክረምት ዝናቡ ቀረ። ሰዉ ከላይ መምጣት ጀመረ፤ ከኮረም፣ ከአላማጣ፣ ከቆቦ፣ በወልድያና በውጫሌ አድርጎ በእግሩ። እኛ ደግሞ ልምምድ ላይ ነበርን። መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ነው፤ ኢሠፓ የሚመሠረትበት ሰሞን ነው፤ አገሩ በሙሉ በቀይ ጨርቅ ይሸለማል። ስለ ረሃቡ በሬዲዮ አይወራም። በጎዳና ግን ይታያል።

አዲስ ሸራ ጫማ ተሰጠን። በሕይወቴ የመጀመሪያው አዲስ ጫማዬ ነበር። እውነቱን ልናገርና፣ ከበዓሉ በላይ ያስደሰተኝ ጫማው ነው። በሰልፉ ቀን ከበሮዬን እየመታሁ ስናልፍ መንገዱ ዳር እናቱ አጠገብ የተቀመጠ አንድ ልጅ አየሁ። የኔ እኩያ ይመስለኛል፤ ከስቶ ስለነበር ዕድሜውን መለየት ያስቸግራል። ከበሮውን አላየም፣ ሰንደቁን አላየም። ጫማዬን ነው ያየው። እኔ መምታቴን ቀጠልኩ። ምቱንም አልሳትኩም።

ማታ ጋሼ ቤታችን መጣና «ተነስ» አለኝ። በጋቢው ቆሎ ቋጥሯል። ከከተማው ጫፍ ሰዎቹ ወደተጠለሉበት ሄድን፤ እፍኝ እፍኝ እያደረገ ሰጠ። ወዲያው አለቀ። አንድ ቃል አልተናገረም። ልጁን በዓይኔ ፈለግሁት፣ አላገኘሁትም። ስንመለስ በራችን ላይ ቆም አለና «ዛሬ የመታኸው ምት ልክ ነበር» ብሎኝ ሄደ።

እሱ እስኪሞት ድረስ ምን ማለቱ እንደነበር አልጠየቅሁትም። ምስጋና ይሁን ወቀሳ እስካሁን አገላብጠዋለሁ። ጫማውን እስኪያልቅ አደረግሁት።

ከዚያ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ንጉሡ በሚወርዱበት ዋዜማ፣ በቴሌቪዥን የታየው ምን እንደነበር ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ ወሎ ላይ ያነሳው የረሃብ ፊልም ነው፤ በመሀል በመሀሉ የቤተ መንግሥት ድግስ እየተሰካበት። እነሱ ሲበሉ ሕዝቡ አለቀ ተባለ፣ እውነትም ነበር። በአሥረኛው ዓመት፣ በዚያው ወር፣ በዚያው በወሎ ረሃብ ላይ፣ ድግሱን የደገሱት ያን ፊልም ያሳዩን ናቸው። ከበሮ የመታሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ታዲያ መስከረም ስትሉኝ የሚመጣብኝ ይሄ ነው እንጂ አደይ አበባ አይደለም።

ጥቅምት ላይ የቢቢሲው ማይክል በርክ ከኮረም ያስተላለፈው ዘገባ ዓለምን አስደነገጠ። የተረፈውን ታውቁታላችሁ። ቦብ ጌልዶፍና ሚጅ ዩር ዘፈን ሠሩ፣ አሜሪካኖቹ ተከተሉ፣ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ለንደን ዌምብሌይና ፊላደልፊያ ላይ «ላይቭ ኤይድ» ተካሄደ። ለኛ ሲባል ይህ ሁሉ ሰው ሲዘፍን እኛ ደሴ ተቀምጠን አልሰማንም። እኔ የሰማሁት ከዓመታት በኋላ ኮሌጅ ስገባ ነው። መጀመሪያ አለቀስኩ፣ ቀጥዬ ተናደድኩ። የእንግሊዞቹ ዘፈን ርዕስ እኮ ሰዎቹ ገና መሆኑን ያውቁ ይሆን ወይ ብሎ ይጠይቃል! ላሊበላ ያኔ ወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ ነው፤ ገናን ካከበርን ስንት መቶ ዓመታችን! የተራበው ግማሹ ደግሞ እስላም ነው፣ ገና አውቆ ምን ሊያደርግ? ባቲንም ቢሆን የውጭው ጋዜጣ ያወቃት በመጠለያ ጣቢያዋ ነው፤ ቅኝት መሆኗን የነገረው የለም። እረፍት ስመጣ ይህን ሁሉ ለእናቴ በንዴት ብተርክላት፣ ጀበናዋን እያማሰለች «አብሽር ልጄ፣ እህሉ ደርሷል አይደል?» አለችኝ። አበቃ። ክርክሬን ጨረሰችው። በ1980 ዓ.ም. ደግሞ የኛ አርቲስቶች «ሕዝብ ለሕዝብ» ተብሎ ዓለምን ዞረው ምስጋና አቀረቡ፤ ይኸኛውን በቴሌቪዥን አይተን ኮርተናል።

የኛም ቀበሌ በ1977 የገንዘብ ማሰባሰቢያ አዘጋጅቶ ነበር። ሕዝቡ ከሌለው ላይ ስሙኒም ሃምሳ ሳንቲምም ከፈለ፣ እናቶች ከመቀነታቸው እየፈቱ። ሳጥኑ ሞላ፣ ተቆለፈ፣ ሄደ። በሚቀጥለው ስብሰባ ጋሼ እጁን አወጣና «ስንት ሆነ?» አለ። ሌላ ነገር አልጨመረም። «ተቀመጥ!» ተባለ፣ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ወር ያህል መሰንቆውን አላየነውም፤ ታሟል ተባለ። ገንዘቡ የት እንደደረሰ የነገረን የለም።

አሁን በኛ ምሽት ማብቂያ ላይ አዳራሹ በሙሉ «ስንት ሆነ?» ብሎ የሚጮኸው ከዚያ የመጣ ነው። ቀልድ የሚመስላችሁ ነበራችሁ። ብሩ መድረክ ላይ በሕዝብ ፊት ይቆጠራል፣ ደረሰኙ እዚህ ገጽ ላይ ይለጠፋል። ባለፈው ዓመት «ቆጠራው ፕሮግራሙን ያቀዘቅዘዋል፣ በኋላ ብንቆጥረውስ?» ያልከው ልጅ፣ ለምን በዓይኔ እንደገላመጥኩህ አሁን ገብቶሃል።

ጋሼ ኅዳር 2012 ላይ አረፈ። ያን ጊዜ ምሽት የማዘጋጀት ሐሳብ አልነበረኝም። ሐሳቡ የመጣው በ2013 መጨረሻ ነው። ከወልድያ፣ ከቆቦ የተፈናቀለ ሰው ደሴ ገብቶ በየትምህርት ቤቱ ሲሰፍር፣ የማስተምርበት ክፍል ውስጥ ቤተሰብ ሲተኛ አየሁ። ጥቁር ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት የኒውተን ሕግ አልተደመሰሰም፤ ሥሩ ሕፃን ተኝቷል። ያው መንገድ ነው፣ ያው የውጫሌ መንገድ። ከዚያ የኛም ተራ ደረሰ፤ ከጥቅምት ማብቂያ እስከ ኅዳር ማብቂያ 2014 ድረስ ደሴም ኮምቦልቻም የሆኑትን ሆኑ። እሱን ዛሬ አላወራውም። ስንመለስ የሙዚቃ ክበቡ ክፍል ባዶ ነበር። አንዲት እናት ግን አንድ ክራር በእህል ጎተራ ውስጥ ደብቀው አቆይተውልን ነበር። የመጀመሪያውን ምሽት በ2015 ያዘጋጀነው በዚያች ክራርና በሦስት የተውሶ መሣሪያ ነው።

በነገራችን ላይ ስለ «ኦርኬስትራ» ስሙ እጄን ሰጥቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ1963 ግብጻዊው ሐሊም ኤል ዳብ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መሰንቆውን፣ ክራሩን፣ በገናውን፣ ዋሽንቱን ከየብሔረሰቡ አሰባስቦ አንድ መድረክ ላይ ሲያስቀምጥ «ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ» ነው ያለው። በኋላ ተስፋዬ ለማ መራው፤ መሰንቆ የተማረው ቻርልስ ሰተን የሚባል የሰላም ጓድም ነበረበት፤ በ1969 አሜሪካ ድረስ ሄደው ተጫውተዋል። በየቤቱ ለብቻው ይመታ የነበረን መሣሪያ አንድ ላይ ማጫወት ቀላል አይደለም፤ ማን ለማን ይቃኝ የሚለው ራሱ ጠብ ነው። እኛ ጋ ሁሉም ለዋሽንቱ ይቃኛል፤ ዋሽንት አንዴ ከተበሳ አይቃኝማ። ጋሼ «እሺ የማይለውን እሺ በሉት» ይለን ነበር።

እንግዲህ መስከረምን በሚመለከት። ሦስት ቀን አሰብኩበት። አርባ ዓመት ያለፈው ነገር የኔ ነው፣ የናንተ አይደለም። ደብተር ደግሞ የሚገዛው መስከረም ነው፤ ኅዳር ላይ የምንሰጠው ደብተር ልጁ ሁለት ወር ያለ ደብተር ተቀምጦ ነው። ይህን ነገር እሁድ ዕለት ልጅቷ ልትናገረው አፏን ስትከፍት ነው እኔ የጮህኩት። እናቴ ብትኖር «እህሉ በጊዜው ይድረስ» ነበር የምትለው። ስለዚህ መስከረም ይሁን። መስከረም 2 ግን አይሁን፣ እሱን ተዉልኝ። ከመስቀል በፊት ያለችው ቅዳሜ ትስማማኛለች።

አንድ ነገር ደግሞ እለምናችኋለሁ። ከተገኘው ላይ ደብተርና ዩኒፎርም ብቻ ሳይሆን ጫማም እንግዛ። ዋጋውን አጠያይቄያለሁ፣ ደብተሩ ሊቀንስ ይችላል፤ ቅዳሜ እንነጋገርበት።

ልምምድ ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ደሴ፣ የተለመደው ቦታ። የኮምቦልቻ ልጆች ጃኬት ያዙ፤ ባለፈው ብርድ ብላችሁ ግማሹን ሰዓት ሻይ ስትጠጡ ነው ያለፈው። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ካለ የክራር ጅማት ይዞልኝ ይምጣ፣ ሁለት ሙሉ ጥቅል፣ ሒሳቡን እዚሁ እከፍላለሁ። ከበሮውን ማን እንደወሰደው የሚያውቅም ይንገረኝ፤ ዘንድሮ እኔ ልመታው ነው።