በግንድ ላይ ስለሚበቅለው እንጉዳይ

ክረምቱ ሊያበቃ ሲል ወደ መናገሻ ደን የሚወጣ ሰው፥ ዓይኑን በአበባው ላይ ብቻ አይጣል፤ የወደቀውንም ግንድ ይመልከት እንላለን። (ጭቃውን የሚፈራ ጥቅምትን ይጠብቅ፤ ጠንካራው ዓይነት ዓመቱን ሙሉ አይጠፋምና።) ሕዝባችን የጅብ ጥላ እያለ በጅምላ የሚንቀው ፍጥረት በዚያ በልዩ ልዩ ቀለም አጊጦ ይገኛል። አንዱ ቢጫና ብርቱካን ነው፤ ሌላው ግራጫ፥ ቡናማና ነጭ መስመር እየተፈራረቀበት ጥለት ይመስላል። እግር የለውም፤ በግንዱ ጎን እንደ መደርደሪያ ተለጥፎ ይወጣል። ከሥሩ ሲመለከቱት በመርፌ የተወጉ የሚመስሉ ብዙ ቀዳዳዎች አሉት፤ ዘሩ በእነዚያ እየወጣ በነፋስ ይበተናል።

ይህ የምናየው ፍሬው ነው፤ አካሉ ግን እንደ ቀጭን የጥጥ ክር ሆኖ በእንጨቱ ውስጥ ተሰውሯል። አንዳንዱ እንጨቱን የሚያጠነክረውን ነገር ጭምር እየበላ፥ እንጨቱን ነጭና እንደ ቃጫ የላላ ያደርገዋል። ሌላው ያንን ትቶ የቀረውን ሲበላ፥ እንጨቱ ቡናማ ሆኖ እንደ ደረቀ ጭቃ ይሰነጠቃል፤ በጣትም ይፈረፈራል።

ልጆቻችን በእጃቸው እንዲነኩት እንፈቅዳለን፤ ወደ አፋቸው እንዲያቀርቡት ግን አንፈቅድም። በአውሮፓና በአሜሪካ ብርቱካን መልክ ያለውን ዓይነት አብስለው የሚበሉ አሉ፤ ነገር ግን በመልክ ብቻ መፍረድ አደገኛ ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. በኢጣልያና በኦስትሪያ ወሰን ከበረዶ ውስጥ የተገኘው፥ ከ5,000 ዓመት በፊት የሞተው ሰው፥ ከዚህ ወገን የሆነ ሁለት ቁራጭ እንጉዳይ በጠፍር ሰክቶ ይዞ ነበር።

በቆመ ዛፍ እግር ላይ ሲታይ ግን ነገሩ ከጌጥ ያልፋል። በአማታችን ግቢ፥ ከመኝታ ቤታቸው አጠገብ፥ አንድ አሮጌ ጽድ ነበረ፤ በእግሩም እንጉዳይ ወጣበት። ይቆረጥ ብንል፥ «ሟቹ ባለቤቴ የተከለው ነው፤ ቅጠሉስ ለምለም አይደለምን?» አሉን። እኛም በችሎት የብዙ ምስክር ቃል የጻፍን ነንና፥ «እማማ፥ ቅጠሉ ስለ ቆዳው ይመሰክራል እንጂ ስለ ልቡ አያውቅም» ብለን ግንዱን በመዶሻ መታንላቸው። እንደ ከበሮ ጮኸ።

በግንቦት ተቆረጠ። ከታች ልቡ ባዶ ሆኖ አንድ ሕፃን ያስቀምጥ ነበር። አማታችን ብዙ አልተናገሩም፤ ከላይ ካልተበላው ወገን በርጩማ እንዲጠረብላቸው አዘዙ፤ አሁንም በእርሱ ተቀምጠው ቡና ያፈላሉ።