ስለ ወጌሻ ሥራ፤ ክብሩና ጭንቁ

ሰው ሲታመም ሐኪም፥ ሲሟገት ጠበቃ ይፈልጋል፤ እግሩ ሲወለም፥ ወገቡ ሲያዝ፥ አንገቱ አልዞር ሲል ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስጠራው ወጌሻውን ነው። ወጌሻ ማለት የወለቀውን መጋጠሚያ የሚመልስ፥ የተሰበረውን አጥንት የሚጠግን፥ የተኰማተረውን ጅማት በቅባት አሽቶ የሚያፍታታ ሰው ነው። ጥበቡንም ብዙ ጊዜ ከአባቱ ወይም ከዘመዱ እጅ አይቶ ይማረዋል እንጂ ከመጽሐፍ አያገኘውም። ዛሬ ደግሞ በከተማ በትምህርት ሠልጥነው በሆቴልና በማሳጅ ቤት እያሹ የሚተዳደሩ አሉ፤ የእግር ኳስ ቡድንም ወጌሻውን ሳይዝ ወደ ሜዳ አይወጣም። መንገዳቸው ቢለያይም የሁሉም መሣሪያ አንድ ነው፤ እርሱም እጅ ነው። የሥራው ክብርም ጭንቁም ከዚሁ ከእጅ ይመነጫል።

ከጥቅሙ ፊተኛው ይህ ነው፤ ሠራተኛው የድካሙን ፍሬ ወዲያው በዐይኑ ያያል። ገበሬ ከዘራ በኋላ መከሩን ለማየት ወራት ይጠብቃል፤ አስተማሪም ዓመታት ይጠብቃል። አሺው ግን ጐብጦ የገባው ሰው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቀና ብሎ ሲወጣ ይመለከታል። ሁለተኛው ጥቅም ሥራው ብዙ ገንዘብ ሳያስወጣ የሚጀመር መሆኑ ነው፤ ቅባት፥ ንጹሕ ጨርቅና መኝታ ካለ ይበቃል። ሦስተኛውም ማየት ለተሳነው ሰው እንኳ እንጀራ መሆኑ ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት በጃፓን አገር ሱጊያማ ዋይቺ የተባለ ዐይነ ስውር ባለመድኃኒት፥ እንደ እርሱ ያሉ ሰዎች የመርፌ ሕክምናንና እሽትን የሚማሩበት ቤት አቋቁሞ ነበር፤ በዚያ አገር በዚህ ሥራ የሚተዳደሩ ዐይነ ስውራን እስከ ዛሬ አሉ።

ጭንቁም ከጥቅሙ አያንስም። አሺው ሌላውን ሲያሳርፍ የራሱ አካል ይደክማል። አውራ ጣቱና የእጁ አንጓ ይታመማል፤ ጐንበስ ብሎ ስለሚውል ወገቡ ይጐዳል፤ እጁ በታመመ ቀንም ገቢው ይቋረጣል። ባለጠጋው ይከፍለዋል፤ ድኻው መርቆ ይሰናበተዋል፤ ምርቃት መልካም ነገር ቢሆንም የቤት ኪራይ አይሆንም። ከዚህም በላይ ገላን በመዳሰስ የሚሠራ ሥራ ለሐሜት ቅርብ ነው። ማሳጅ ቤት ሲባል ፈገግ የሚሉ ስላሉ፥ በታማኝነት የምትሠራዪቱ ሴት ያልሠራችውን ነውር ትሸከማለች።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ከምስጋና የሚመጣው ጭንቅ ነው። ሕዝቡ «እጀ መድኃኒት ነው» ብሎ ስም ያወጣለት ወጌሻ «ይህን አልችልም» ለማለት ያፍራል። ልጅ ወድቆ ክንዱን ሲሰብር በቀርከሃ አጥብቆ ያስረዋል፤ ክንዱ ከውስጥ እያበጠ ሲሄድ ማሰሪያው አብሮ አይላላምና የደሙ መንገድ ይዘጋል። ጣቶቹ ይቀዘቅዛሉ፥ ይደነዝዛሉ፥ ኋላም ይጠቍራሉ። በኢትዮጵያ ሐኪም ቤቶች በዚህ ምክንያት እጃቸው የተቈረጠ ልጆች አሉ፤ እጃቸውን ያሳጣቸውም ስብራቱ ሳይሆን እስራቱ ነው። እንዲሁም ባትን ያሳበጠው ነገር በደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም እንደ ሆነ፥ ማሸት የረጋውን ነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሰደውና ሰውዬውን ሊገድል ይችላል። ማሸትን ማወቅ ጥበብ እንደ ሆነ፥ መተውን ማወቅም ጥበብ ነው።

እንዲህ ያለ ፈተና በሌላም አገር ደርሷል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1894 ዓመት በሎንዶን ከተማ በእሽት ስም የሚሠራ ነውር ስለ ተወራ የሙያው ስም ጐደፈ። በዚያው ዓመት አራት አስታማሚ ሴቶች የሠለጠኑ አሺዎችን ማኅበር አቋቋሙ። ካወጡትም ደንብ አንዱ አባሎቻቸው ያለ ሐኪም ትእዛዝ ማንንም እንዳያሹ የሚከለክል ነበር። ደንቡ ገቢያቸውን የሚቀንስ ቢመስልም ሥራቸውን አስከበረው፤ ማኅበሩም በ1920 የንጉሥ ቻርተር ተቀበለ፤ ዛሬም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ማኅበር ሆኖ ይኖራል።

እንግዲህ መልካም ወጌሻን ለመመርመር የሚፈልግ ሰው ስንቱን እንዳሸ ከመጠየቅ ይልቅ ስንቱን ወደ ሐኪም እንደ ላከ ይጠይቅ። ወደ ሐኪም የሚልክ ወጌሻ የዕለት ዋጋውን ያጣል፤ ጐረቤትም «አላወቀበትም» ብሎ ያማዋል። ስለዚህ ካህንም ሆነ ሽማግሌ፥ በመንደሩ ምክር የሚጠየቅ ሰው ሁሉ፥ «ይህ ከእኔ አቅም በላይ ነው፤ ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት» ያለውን ወጌሻ በሰው ፊት ሊያመሰግነው፥ የደከመበትንም ዋጋ ሊያስከፍለው ይገባል። እንዲህ የሚናገር ወጌሻ በበዛበት መንደር፥ ሁለት እጆቹ ጸንተውለት የሚያርስና የሚጽፍ ልጅ ይበዛል።