ጭሱ ከየት መጣ?

ገርጂ ግቢያችን ውስጥ አባታችን ትቶልን ያረፈ መርሰዲስ 280 ኤስኢ ቆሟል። በፈረንጅ አቆጣጠር የ1970 ሥሪት ነው። ጠዋት ያለ ችግር ይነሣል። ከሞቀ በኋላ ግን ማርሚታው ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ካንዴላዎቹ ከሰል ይመስላሉ፣ ቦሌ መድኃኔዓለም ደርሶ ለመመለስ የሚጠጣው ቤንዚን ደግሞ... ተዉት።

የወሰድንበት ጋራዥ ሁሉ መልሱ አንድ ነው፦ «ፖምፓውን ጣሉትና የቶዮታ ካርቡራተር እንግጠምላችሁ።» እናታችን ጋራዦቹን አጥብቃ ትጠላለች፤ «እነሱ ናቸው ያበላሹት» ትላለች። ሸጠን ሌላ እንዳንገዛ፣ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክሏል።

ይህ ሞተር ኮምፒውተር የሚባል ነገር አያውቅም። የቦሽ ፖምፓ በስድስት ፒስተን ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ቤንዚን ለክቶ ይገፋል። ልኩን የሚያርሙለት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ አንዱ የአየሩን ግፊት፣ ሌላው የሞተሩን ውሃ ሙቀት ያያል። እኛ መጀመሪያ የጠረጠርነው አየሩን ነበር። ቦሌ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳር ሩብ ያህል ዝቅ ይላል፣ ቤንዚኑ ካልተቀነሰ ይጨሳል። ግን አባታችን ሃያ ዓመት የነዳው እዚሁ አየር ላይ አይደል እንዴ?

በመጨረሻ አንድ ጡረታ የወጡ መካኒክ ለምነን አመጣን። ኮፈኑን ከፍተው ሞተሩን በደንብ አስሞቁን። ከዚያ ፖምፓው ላይ ያለችውን ትንሽ የአየር ማጣሪያ በጣታቸው ደፈኑ። «ና ንካ» አሉ ታናሻችንን። ትስባለች። «ሞተሩ ሲሞቅ ይቺ መዝጋት ነበረባት። ፖምፓው እስካሁን ጠዋት መስሎታል!»

ራዲያተሩ እጅ ያቃጥላል፣ የፖምፓው ቴርሞስታት ግን ለብ ብሏል። ሙቅ ውሃ የምታመጣለትን ጎማ ተከትለን ሄድን። መሐሏ ላይ ቡሎን ተወትፎባታል፣ ዙሪያውን በብስክሌት የውስጥ ጎማ ቁራጭ ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል።

ዝም አልን። የግቢያችንን ቧንቧ ሁሉ እንዲህ አድርጎ የሚያስረው አባታችን ነበር።

«ውሃ አንጠባጥቦበት ይሆናል፤ ለጊዜው ብሎ ደፍኖት ነው» አሉ ሰውዬው። መቼም «ለጊዜው» የምትባል ነገር!

ከሶማሌ ተራ አዲስ ጎማ ገዝተን ቀየርን። እስከ ሲኤምሲ ደርሰን ስንመለስ ከኋላችን ጭስ የለም። እናታችን በር ላይ ቆማ ጠበቀችን።

«ማን ነበር ያበላሸው?»

«ጋራዥ ነው፣ እማዬ» አልናት።