አንድ ሽንት፣ አንድ ቸኮሌት

ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ፖፖ ላይ ለሸናች አንድ ፍሬ ቸኮሌት፣ ካካ ላለች ሁለት። በሁለት ቀለም ሠንጠረዥ ሠርቼ ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩና ለባለቤቴ "በሁለት ሳምንት ውስጥ ዳይፐር ታሪክ ይሆናል" አልኳት። ወረቀቱን አየት አድርጋ "እስቲ እናያለን" ብላኝ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ሚጣ ያኔ ሁለት ዓመት ከሰባት ወሯ ነበር። መስከረም ላይ ልናስገባት ያሰብንበት መዋዕለ ሕፃናት ዳይፐር ያልተወ ልጅ አይቀበልም። የዳይፐሩ ዋጋ ደግሞ በገዛን ቁጥር አዲስ ነው። እኔ ከቤት የምሠራ ፕሮግራመር ስለሆንኩ ነገሩ እኔው ላይ ወደቀ።

ሦስት ቀን እንደ ሰዓት ሠራ። በአራተኛው ቀን ልጅቷ እየቆጠበች መሽናት ጀመረች። ጠብ ታደርግና ትነሳለች። "አባዬ፣ ቸኮሌት!" አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ተመልሳ ትቀመጣለች። ጠብ። "ቸኮሌት!" እስከ ምሳ ድረስ ስድስት ጊዜ ከፈልኳት።

መጀመሪያ ሳቅኩ። በእኛ ሙያ ይሄ የታወቀ ችግር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ኦፕንኤአይ አንድ ፕሮግራም የጀልባ እሽቅድምድም ጌም እንዲጫወት አሠልጥኖ ነበር። ሽልማቱ በጌሙ ነጥብ ስለሚለካ፣ ጀልባዋ ውድድሩን ትታ አንድ ቦታ ላይ እየዞረች፣ ከሌሎች ጀልባዎች ጋር እየተጋጨች፣ እሳት እየተያያዘባት ሳይቀር ነጥብ ስትለቅም ዋለች። ማሽኑ የሚያሳድደው የምትቆጥርለትን እንጂ በልብህ ያሰብከውን አይደለም። ልጄም እንደዚያው። እኔ የቆጠርኩላት መቀመጥን ነበር፤ እሷም ተቀመጠች። ሕጉን አስተካክዬ ቀጠልን።

ማክሰኞ ጠዋት ስብሰባ ላይ ነኝ፤ ካሜራ ተከፍቷል፤ ተራዬ ደርሶ እያወራሁ ነው። ሚጣ አጠገቤ ምንጣፉ ላይ ቆማ ለቀቀችው። ወደ ኤክስቴንሽኑ ሲወርድ አየሁ። ማይኩን ዘጋሁና ዞሬ "አታፍሪም? ትልቅ ልጅ አይደለሽም?" አልኳት።

አልጮህኩም። ግን ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሽንት ለእሷ ውኃ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ሆነ።

ደግሞ ቃሉ የኔ አልነበረም። እኔ እስከ ሰባት ዓመቴ አልጋ ላይ እሸና ነበር። ጠዋት ጠዋት ፍራሼ ግቢው አጥር ላይ ይሰጣል። የሰፈር ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ፍራሹን አይተው እኔን ያያሉ። "አታፍርም?" የሚለውን የሰማሁት እዚያ ነው። ለልጄ በጭራሽ አልላትም ብዬ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ሽንቱን ቀጠለች፣ ካካውን ግን አቆመች። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አራት ቀን። መጋረጃ ኋላ ትገባና እግሯን አጣብቃ፣ ፊቷ ቀልቶ ትቆማለች። "ካካ መጣ እንዴ?" ስላት "አልመጣም!" እኔም እንደ ሞኝ ዋጋ ጨመርኩ። ሁለቱ ቸኮሌት አምስት ሆነ፤ በመጨረሻ ካርቶኑን በሙሉ ልሰጣት ቃል ገባሁ። በአምስተኛው ሌሊት ሆዷን ይዛ ስታለቅስ አደረች።

ሐኪሟ ሠንጠረዡን ስነግራት ፈገግ አለች። ልጅ ካካዋን ስትይዝ ይደርቃል፤ ሲደርቅ ሲወጣ ያማል፤ ስላመማት ደግሞ የባሰ ትይዛለች አለችኝ። አዙሪት ነው። የፈራ ልጅ ዋጋ ቢጨመርለት ፍርሃቱ አይቀንስም። የሚያለሰልስ መድኃኒት አዘዘችልን። ምግብ ስትበላ አንጀት ስለሚነቃ ከምግብ በኋላ አምስት ደቂቃ ትቀመጥ፣ እግሯ መሬት ይርገጥ፣ ዳይፐር ከጠየቀች ስጧት፣ ሽልማቱንም ቁጣውንም ተዉት አለች። ቤት ስንገባ ወረቀቱን ከፍሪጁ ላይ ቀደድኩት። ተንበርክኬም "ይቅርታ የኔ እናት፣ አባዬ ነው ያጠፋው" አልኳት። የገባት አልመሰለኝም፤ ወረቀቱን ግን ተቀብላኝ ራሷም ቀደደችው።

በዚያው ሳምንት እናቴ ከደሴ መጣች። ምንም ሳትጠይቅ በርጩማዋን ስባ ፖፖው አጠገብ ተቀመጠች። ምስር እየለቀመች ስለ አንዲት ፍየል ታወራለች እንጂ ሚጣን ቀና ብላ አታያትም። ሁለት ቀን ምንም የለም። በሦስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ፍየሏ ገደል አፋፍ ላይ ደርሳ ሳለ ሚጣ ዝም አለች። ከዚያ እናቴ ምስሩን አስቀምጣ በረጅሙ "እልልልልል!" አለች።

የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። ከላይ ፎቅ ያሉት ጎረቤታችን በረንዳቸው ላይ ወጥተው "ምን ተገኘ? ማን ወለደ?" አሉ። እናቴም ሳታፍር "ልጄ ካካ አለች!" ብላ መለሰች። እሳቸውም ደገሙት፤ እልልልል!

ማታ እናቴ ፖፖውን ስታጥብ አጠገቧ ቆሜ "እማዬ፣ የኔን ፍራሽ ታስታውሻለሽ?" አልኳት።

እጇ ቆመ። "አስታውሳለሁ። ሰው ሲያየው ይተዋል ብዬ ነበር" አለች። ትንሽ ቆይታ፣ "እኔንም እንዲሁ ነው ያሳደጉኝ።" ከዚያ ውኃውን ደፋችና ፖፖውን ገልብጣ አስቀመጠችው። ሌላ አልተባባልንም።

ሚጣ መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ገባች። ቦርሳዋ ውስጥ ሁለት ቅያሪ ሱሪ አለ፤ አንዳንዴ ሁለቱም እርጥብ ሆነው ይመለሳሉ። ቸኮሌት ጠይቃኝ አታውቅም። እናቴ ወደ ደሴ ስትመለስ ግን ችግር መጣ። ሚጣ ፖፖው ላይ ሆና ጠራችኝ። "አባዬ፣ እልል በል!"

ወንድ ልጅ እልልታ አያውቅበትም። ሞከርኩ። ከላይ ፎቅ ሳቅ ሰማሁ።