ማቃናት

አንድን የጎበጠ ነገር በእጅ እየዳሰሱ፥ በዓይን እየለኩ ወደ ቀና አካሄዱ መመለስ በቋንቋችን «ማቃናት» ይባላል። ይህ ተግባር ከመሥራት የማያንስ ሥራ መሆኑን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ሠሪው ይመሰገናል፤ ገዢውም ይደነቃል፤ የተሠራውንና የተገዛውን ዕቃ ከቦታው፥ ከመሬቱና ከአየሩ ጋራ የሚያስማማው አቃኚ ግን ስሙን የሚያነሣለት አያገኝም። እኛም ስለዚህ ሰው ጥቂት ለመናገር አስበን ይህን ጽፈናል።

በመጀመሪያ አንባቢያችን ማቃናት ከውጭ አገር የመጣ ጥበብ እንዳይመስለው ያስፈልጋል። በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ባለው በጃቢ ጠህናን ወረዳ፥ በላህና በብር ወንዞች አካባቢ የሚያርሰውን ገበሬ ቀርቦ የተመለከተ ሰው የምንለውን ነገር ያውቀዋል። ማረሻው ከልክ በላይ ጠልቆ በሮቹን ሲያደክማቸው፥ ወይም መሬቱን ፍቆ ብቻ ሲያልፍ፥ ገበሬው ሞፈሩ ከቀንበሩ ጋራ የሚያያዝበትን ምራን ፈትቶ እንደገና ያስተካክላል እንጂ በሬውን አይወቅስም። ባለጋሪውም እንዲሁ ነው። ጭነቱ ወደ ፊት የበዛ እንደ ሆነ ክብደቱ በፈረሱ ጀርባ ላይ ይወድቃል፤ ወደ ኋላ የበዛ እንደ ሆነ ደግሞ ከፈረሱ ግራና ቀኝ ያሉት እንጨቶች ወደ ላይ ተነሥተው ሆዱን ያስጨንቁታል። ስለዚህ ከፍኖተ ሰላም ገበያ በርበሬና በቆሎ የሚጭን ባለጋሪ ከመነሣቱ በፊት አንዱን ጆንያ አንድ ክንድ ያህል ወደ ኋላ ወይም ወደ ፊት ሲገፋ ብናይ፥ ያደረገው ነገር ትልቅ ስሌት ነው።

ልጆቻችንም ከዚህ ዕውቀት የራቁ አይደሉም። አካሉን ከሽቦ፥ ጎማውን ካለቀ ነጠላ ጫማ ወይም ከቆርኪ አበጅተው፥ በረጅም ሽቦ መሪ ከኋላ ቆመው የሚነዷትን መኪና የማያውቅ ማን አለ? ሁለቱ የፊት ጎማዎች እኩል ካላዩ መኪናዪቱ ወደ አንድ ወገን እንደምትጎትት፥ ዘንጉ ከጎበጠ እንደምታነክስ፥ እጅግ ከቀለለች በጠጠር ላይ እንደምትዘል የሰባት ዓመት ልጅ ያውቃል። ሲቀልም ትንሽ ድንጋይ ይጭንባታል።

በሌላው ዓለም ይኸው ጨዋታ አድጎ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። ኒኮላ ቴስላ የተባለው ሊቅ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1898፥ በኒው ዮርክ ከተማ አንዲት ትንሽ ጀልባ ያለ ሽቦ በራዲዮ ሞገድ እያዘዘ ለሕዝብ አሳየ። በ1976 ደግሞ ታሚያ የተባለው የጃፓን ድርጅት በፖርሽ 934 አምሳል የተሠራች፥ በራዲዮ የምትታዘዝ ትንሽ መኪና ለገበያ አቀረበ። ከዚያ ወዲህ የፎርሙላ ተወዳዳሪ መኪኖች አምሳል፥ ጎማዎቻቸው ከአካላቸው ውጭ የተገለጡ፥ ከፊትና ከኋላ ክንፍ ያላቸው፥ ከእውነተኛይቱ አንድ ዐሥረኛ የሚያህሉ መኪኖች እየተሠሩ ይወዳደሩባቸዋል። የሚሽከረከሩት በኋላ ጎማ ኀይል ብቻ ነው። ዋናው ፈተናቸውም ከዚህ ይመነጫል፤ የኋላ ጎማ መሬቱን ካልቆነጠጠ መኪናዪቱ በጠመዝማዛው ላይ እንደ እንዝርት ትሾራለችና።

ከነዚህ አንዲቱ ወደ ፍኖተ ሰላም መጥታ ለማየት በቅተናል። በዐረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ የጎረቤታችን እኅት፥ የአሠሪዎቿ ልጅ አድጎ የተዋትን መኪና ለወንድሟ ልጅ ላከችለት። ጊዜው 2016 ዓ.ም. ነበር። በ2015 መጨረሻ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ነበርና፥ የዐሥራ አራት ዓመቱ ልጅ ቤት ይውል ነበር። አባቱ ባለጋሪ ነው። «ትምህርት ቤቱ እስኪከፈት ጋሪው ላይ ይዋል» ይል ነበር፤ እናቲቱ ግን አንድ ጊዜ ገንዘብ መቍጠር የለመደ እጅ ወደ እርሳስ አይመለስም ብላ ትሰጋ ነበር። የሁለቱም አሳብ እውነት አለበት፤ እኛም በመካከላቸው ሆነን የምንለው ቸግሮን ነበር።

መኪናዪቱ በጠጠር መንገድ ልትሄድ አልቻለችም፤ ሆዷ ከመሬት የሚርቀው አምስት ሚሊ ሜትር ብቻ ነውና። ልጁ አንድ የሲሚንቶ መጫወቻ ሜዳ ፈልጎ በመጥረጊያ ጠረገና ለቀቃት። ሠላሳ እርምጃ ሳትሄድ ዞረች፤ ደግሞ ለቀቃት፤ ደግሞ ዞረች። የተሰበሰቡት ልጆች ሣቁ። እርሱም ያን ቀን ደብተሩን አመጣ። ትምህርቱ በመካከሉ ስለ ተቋረጠ ግማሹ ባዶ የሆነ ደብተር ነበር። በባዶው ገጽ ላይ መሥመር አስምሮ «የለወጥሁት» እና «የሆነው» የሚሉ ሁለት አርእስት ጻፈ።

በመጀመሪያው ቀን ኩሽኔታዎቹን አውጥቶ በላምባ አጠበ፤ ሌላ ነገር አልነካም። በሁለተኛው ቀን አካሏን ሁለት ሚሊ ሜትር ከፍ አደረገ፤ የሲሚንቶውን ስንጥቅ መምታቷ ቀረ። በሦስተኛው ቀን የፊት ጎማዎቿን መረመረ። ሁለቱም ወደ ውጭ የሚያዩ ነበሩ። ይህ ዐይነት አቀማመጥ መሪው ሲታዘዝ ፈጥና እንድትጠመዘዝ ያደርጋታል፤ በቀጥታ መንገድ ላይ ግን እረፍት ይነሣታል። ልጁ የመሪ ዘንጎቿን በፒንሳ እያዞረ ጎማዎቹ ጥቂት ወደ ውስጥ እንዲያዩ አደረገ። እውነትም ቀጥ ብላ ሄደች። ሁሉንም ባንድ ቀን ለምን አታደርገውም ብለን ብንጠይቀው፥ «ጋሼ፥ አንድ በአንድ ካልሆነማ የትኛው እንዳዳናት በምን ይታወቃል?» ሲል መለሰልን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለውን እርሱ በሥራ ተርጕሞታል።

ይሁን እንጂ በጠመዝማዛው ላይ መሾሯ አልቀረም። ልጁ ይህን ለአራት ቀን ሲታገል ከሰነበተ በኋላ አንድ ቀን ማታ አባቱ ፈረሱን ፈትቶ ወደ ሜዳው መጣ። ጨዋታውን ሊያስተወው የመጣ መስሎን ነበር። እርሱ ግን ቁጢጥ ብሎ መኪናዪቱን ሁለት ጊዜ ስትሾር ካየ በኋላ፥ «ልጄ፥ ጭነቷ ፊት ላይ ነው፤ ኋላዋ ባዶ ስለ ሆነ መሬት አትቆነጥጥም» አለ። ወዲያውም ወደ እኛ ዞር ብሎ፥ «ጌታዬ፥ ፈረስ ብትሆን ጉልበቷ ይከዳት ነበር» አለን። ልጁ ባትሪዋን ፈትቶ አንድ ጣት ያህል ወደ ኋላ ገፋው። መሾሯ ቀረ፤ ነገር ግን አሁን ደግሞ መሪ እምቢ አለች፤ የፊት ጎማዋ ቀሎ ከጠመዝማዛው ወደ ውጭ ትንሸራተት ጀመር። አባትየው ሣቀና፥ «ጆንያውን አበዛኸው፤ ግማሹን መልስ» አለው። ባትሪው ግማሽ ጣት ያህል ወደ ፊት ሲመለስ ያቺ መኪና ዐሥር ዙር ሳትወድቅ ዞረች።

በዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበል። ማቃናት ማለት ጉድለትን ፈጽሞ ማጥፋት አይደለም። ለኋላው የተሰጠው ክብደት ከፊቱ የተወሰደ ነው፤ ለቀጥታው መንገድ የተገኘው እረፍት ከጠመዝማዛው ፍጥነት የተከፈለ ነው። ስለዚህ አቃኚ ሰው አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት «መንገዱ ምን ዐይነት ነው?» ብሎ ነው። ይህቺ መኪና በመጣችበት አገር በለስላሳ ወለል ላይ እንድትሮጥ ተበጅታ ነበር፤ እዚያ ጥፋት አልነበረባትም። ፍኖተ ሰላም ግን ከባሕር ወለል በላይ 1900 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነው፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር ወደ አንድ አምስተኛ የሚጠጋ ይቀላል። በእውነተኞቹ የፎርሙላ መኪኖች ላይ ከ1968 ጀምሮ የተተከለው ክንፍ በአየር ግፊት ጎማን ወደ መሬት የሚጫን ነውና፥ አየሩ ሲቀል ጫናውም ይቀንሳል። ያቺ ትንሽ መኪና በምትሄድበት ፍጥነትማ የክንፏ እርዳታ ጥቂት ስለ ሆነ፥ ልጁ ክንፉን ትቶ በጎማውና በሚዛኑ ላይ መድከሙ ተገቢ ነበር።

ልጁ ያረጀውን የኋላ ጎማ የሚያለሰልስበት ዘዴ ፍለጋ ከአንድ የጭነት መኪና አሽከርካሪ ጋራ እስከ ቡሬ ሄዶ ነበር። ቡሬ ከባሕር ዳርና ከደብረ ማርቆስ የሚመጣው መንገድ ወደ ነቀምት የሚገነጠልባት ከተማ ስለ ሆነች፥ የጭነት መኪና የሚጠግኑ እጆች አይጠፉባትም። በዚያ ያሉት ባለሙያዎች ካቻቢቴ፥ ፒንሳ፥ ቡሎን፥ ጎሚስታ እያሉ የሚነጋገሩባቸው ቃላት የኢጣልያን ናቸው። ጠላት በ1933 ከቡሬ ምሽጎቹ ተነቅሎ ሲሄድ ቃላቱ ቀርተዋል፤ ዛሬ የእኛ እጆች የእኛን ሥራ ይሠሩባቸዋል። አንድ ጎሚስታ የልጁን ጎማ ዳስሶ፥ «ይህ ደርቋል፤ ላዩን በሸካራ ወረቀት ፍቀው፤ ከዚያ በላይ አትድከምበት» አለው። የማይቃናውን ለይቶ መናገርም ከሙያው ክፍል ነው።

ትምህርት ቤቱ በተከፈተ ጊዜ ልጁ ያንኑ ደብተር ይዞ ሄደ። የሳይንስ መምህሩ የቤት ሥራ ፍለጋ ሲገልጥ ዐሥራ አንድ ገጽ ልኬት አገኘና በክፍሉ ፊት አስነበበው። አባቱ ዛሬም ባለጋሪ ነው፤ ልጁም ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ሲሆን ጋሪው ላይ ይውላል፤ በቀሩት ቀኖች ግን ይማራል። ነገሩን በዚህ ያስማማው አባትየው ራሱ ነው፤ በልጁ ሥራ ውስጥ የራሱን ሙያ አይቷልና።

እንግዲህ ወላጆችና መምህራን ይህን እንድታስቡልን እንለምናለን። ልጅ ከሽቦና ከቆርኪ ጋራ ሲታገል ብታዩት ጊዜውን ያባክናል ብላችሁ አትቅሙት። ምን እንደ ለወጠና ምን እንደ ሆነ ብቻ ጠይቁት፤ መልሱንም ይጻፈው። ባለጋሪውም፥ ገበሬውም፥ ጎሚስታውም ወደዚያ ደብተር የሚጨምሩት አንዳንድ መሥመር አላቸው።