ትንሿ አውሮፕላንና የአዲሎ ሰማይ

የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ሲባል አብዛኛው ሰው በቅድሚያ የሚያስበው ኳስ መጫወትን፣ ልብ ወለድ ማንበብን ወይም ቴምብር መሰብሰብን ነው። ለእነዚህ የሚያስፈልገው የሰው ፍላጎትና ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። እኔ በመምህርነት ዘመኔ ከተማሪዎቼ ጋር የተጠመድሁበት ማሳለፊያ ግን ከሰው ፍላጎት በላይ የሌላ ፈቃድ ይጠይቃል። ይኸውም በሬዲዮ የምትታዘዝ ትንሽ አውሮፕላን ሠርቶ ማብረር ሲሆን፣ ፈቃጁም ነፋስ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በ2004 ዓ.ም. መባቻ፣ በከምባታ ምድር በምትገኘው በአዲሎ ከተማ ሳስተምር ነው። የሳይንስ ክበባችን አባል የነበረች አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ ለሥራ ደቡብ አፍሪካ የሄደ ወንድሟ የላከላትን ካርቶን ይዛ መጣች። በከምባታም ሆነ በሐዲያ ከተሞች ከዘመዶቹ አንዱ ወደዚያች አገር ያልሄደበትን ቤት ማግኘት ያስቸግራልና፣ የካርቶኑ መምጣት ማንንም አላስደነቀም። ያስደነቀን በውስጡ የነበረው ነው፤ ባለ ሁለት ዘንግ የሬዲዮ ማስተላለፊያ፣ ከአውራ ጣት የማይበልጥ መቀበያ፣ የኤሌክትሪክ ሞተር፣ ውልብልቢትና ባትሪ። አውሮፕላን ግን አልነበረበትም፤ እሱን የምንሠራው እኛው ነበርን። ክንፉን ቴሌቪዥን እንዳይሰበር ከሚደገፍበት ነጭ ፎም ቀረጽነው። አከርካሪውን ከቀርከሃ ፈለጥነው። ሥራው ስድስት ወር ፈጀ። የተሰበረ ክንፍ በማግሥቱ ሊተካ ይችላል፤ የተሰበረ ሬዲዮ ግን የሚተካው ሌላ መንገደኛ ከጆሃንስበርግ ሲመጣ ነው። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

(ዛሬ እንዲህ ያለውን በራሪ ዕቃ ወደ አገር ለማስገባትም ሆነ ለማብረር የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልጋልና፣ ይህን አንብቦ ለመሞከር የሚነሣሣ ተማሪ ነገሩን ከዚያ ይጀምር።)

በሬዲዮ የሚመራ ትንሽ አውሮፕላን አዲስ ነገር አይደለም። ዋልተርና ዊልያም ጉድ የተባሉ አሜሪካውያን ወንድማማቾች ጋፍ ብለው የሰየሟትን አውሮፕላን በሬዲዮ እያዘዙ ያበረሩት እ.ኤ.አ. በ1937 ነው። የእኛ ሰማይ ግን ከእነርሱ ሰማይ የተለየ ጠባይ አለው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ ጥግግቱ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር ከአምስት እጅ አራት እጅ ያህል ብቻ ይሆናል። ስለሆነም አውሮፕላኑ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ከአሥር በመቶ በላይ መፍጠን አለበት፤ ውልብልቢቱም የሚገፋው አየር ያንስበታል። የከምባታ ደጋና ወይና ደጋም ከዚህ ሕግ ነፃ አይደለም። ከባሕር ዳር አገር በመጣ ንድፍ የሠራነው የመጀመሪያ ክንፍ ከእጃችን እንደ ወጣ አፈር የላሰው በዚሁ ምክንያት ነበር። ክንፉን አሰፋነው፤ ክብደቷን ቀነስነው።

ከፍታ አይለወጥምና አንዴ ከተማሩት በቂ ነው። የአየሩ ጠባይ ግን በየሰዓቱ ይለዋወጣል። በአዲሎ ማለዳ፣ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ፣ የቤቶቹ ጢስ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ የእንሰቱም ቅጠል አይነቃነቅም። ፀሐይ ከፍ ስትል የታረሰው መሬት ቶሎ ይግላል፤ የሣሩ መስክ ግን ይዘገያል። የጋለው አየር ከእርሻው ላይ እንደ ምንጭ ወደ ላይ ይፈልቃል። አራት ሰዓት ገደማ ጭልፊቶች ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ እየዞሩ ሽቅብ የሚወጡት ይህን አየር ተሳፍረው ነው። ለትንሽ አውሮፕላን እንዲህ ያለው አየር ወዳጅም ጠላትም ነው። በሌላው ዓለም ያለ ሬዲዮ አውሮፕላን የሚለቁ ሰዎች፣ የጋለ አየር ሥራቸውን ከዓይን አርቆ እንዳይወስድባቸው ቀስ ብሎ የሚነድ ክር ከጭራው ላይ ያስሩ ነበር። ክሩ ነዶ ሲያልቅ ጭራው ወደ ላይ ይሰበራል፤ አውሮፕላኑም በዝግታ ይወርዳል። እኔ ከሰማኋቸው ብልሃቶች ሁሉ ይህን ያህል የወደድሁት የለም።

ከቀትር በኋላ ደግሞ ደመናው በአምበሪቾ ተራራ ራስ ላይ መከመር ይጀምራል። ተማሪዎቼ ዝናብ ከነፋስ የሚቀድም ይመስላቸው ነበር። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ከደመናው የሚወርደው ዝናብ ቀዝቃዛ አየር ይዞ ይወድቃል፤ አየሩም መሬት ሲመታ እንደ ፈሰሰ ውኃ በየአቅጣጫው ይዘረጋል። ዝናቡ ገና ሩቅ ሳለ፣ ፀሐይም እየታየች፣ ይህ ነፋስ በድንገት ይደርሳል። ይህን ከእኔ ይልቅ ከብት ጠባቂ ልጆች ጠንቅቀው ያውቁት ነበር፤ ምክንያቱን አይናገሩም እንጂ ከብቶቻቸውን የሚሰበስቡት ጠብታ ከመውደቁ በፊት ነው።

ነፋስ ለጀማሪ አብራሪ የሚያዘጋጀው ሌላም ወጥመድ አለ። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የምትበር አውሮፕላን 30 ኪሎ ሜትር በሚነፍስ ነፋስ ፊት ስትሄድ፣ መሬት ላይ ቆሞ ለሚያያት በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ብቻ የምትጓዝ ናት። ዞራ ነፋሱን በጀርባዋ ስታደርግ ያው ዓይን በ70 ስትከንፍ ያያታል። በዚህ ጊዜ ጀማሪው ይደነግጥና ሞተሩን ይቀንሳል። ክንፉ የሚያውቀው ግን የአየሩን ፍጥነት እንጂ የመሬቱን አይደለምና፣ መሸከም አቅቶት ይወድቃል። ይህም ብቻ አይደለም፤ አውሮፕላኗ ወደ አብራሪው ፊቷን ስታዞር ግራና ቀኝ ይገለባበጣሉ። ልጅቱ ይህን ለመልመድ በበቆሎ አገዳ የተሠራች አውሮፕላን በእጇ ይዛ በሜዳው ላይ ወዲያና ወዲህ ስትመላለስ ብዙዎች ስቀውባታል። በግንቦት ወር ግን ከክበቡ አባላት ሁሉ የተሻለች አብራሪ እርሷ ነበረች።

በሰኔ የወላጆች ቀን ሆነ። ትርኢቱ ከረፋዱ በፊት እንዲሆን ተወስኖ ነበር፤ ነገር ግን የተጠበቁት እንግዶች የደረሱት ከቀትር በኋላ ነው። ሜዳው በሰው ተሞልቷል፤ ሕፃናት ዛፍ ላይ ወጥተዋል። ልጅቱ አውሮፕላኗን ይዛ መካከል ቆመች። በእንጨት ጫፍ ያሰርናት ቀይ ጨርቅ አንዴ ወደ ሐላባ፣ አንዴ ወደ ተራራው ትዞራለች። ጭልፊቶቹ ከሰማይ ጠፍተዋል። አምበሪቾ በጥቁር ደመና ተሸፍኗል።

ቀና ብላ አየችኝና በዝግታ፣ «ዛሬስ አላስነሣትም፣ መምህር» አለች።

የማብረሩን ውሳኔ ማስተላለፊያውን ለሚይዘው ሰው ትቼ ነበርና አልተከራከርኋትም። ለእንግዶቹ ነገርሁ። ከሕዝቡ መካከል ማጉረምረም ተሰማ። አንድ አዛውንት «ታዲያ ለምን ጠራችሁን?» አሉ፤ ጥያቄያቸውም ተገቢ ነበር። ከሁሉ የከበደው ደግሞ፣ ዝናቡ አለመምጣቱ ነው። ደመናው በተራራው ማዶ አለፈ፤ እንግዶቹ ተሰናብተው ሲወጡ ፀሐይ ሜዳውን አሞቀችው። ልጅቱን ፈሪ ያሏት ነበሩ። እናቷ አጠገቧ ቆመው ነበር፤ ምንም አልተናገሩም።

እኔ ዛሬም ቢሆን ውሳኔዋን የምመዝነው በኋላ በሆነው አይደለም። በዚያች ደቂቃ ዓይኗ ያየው ጨርቁን፣ ደመናውንና ባዶውን ሰማይ ነው፤ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ በሜዳው ላይ ማንም አልነበረውም። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥታ አዲስ አበባ የደረሰችው ፖቴዝ 25፣ በአገራችን የመጀመሪያዋ አውሮፕላን፣ ያረፈችው በክረምት እምብርት ነው። አንድሬ ማይየ የተባለው አብራሪዋ ቀንቶት ደርሷል። በነሐሴ ደመና የሚበር ሰው ሁሉ ግን እንደ እርሱ ይቀናዋል ማለት አይደለም።

በማግሥቱ አንድ ሰዓት ላይ ወደዚያው ሜዳ ሄድን። ከእኛ ሌላ የነበሩት ሦስት ከብት ጠባቂዎች ናቸው። ሣሩ ርሷል፤ ጢሱ ቀጥ ብሎ ይወጣል። አንዱ ልጅ አውሮፕላኗን እየሮጠ ወረወራት፤ እርሷም ጥቂት ዝቅ ብላ እንደ ገና ተነሣች፤ ከባሕር ዛፎቹም በላይ ሆና ዞረች። ወደ እኛ ፊቷን ስታዞር የልጅቱ ጣቶች አልተሳሳቱም። ጠባቂዎቹ ከብቶቻቸውን ረስተው ከሥሯ ይሮጡ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ቀይዋ ጨርቅ አንዴ ተነቃነቀች፤ የግራው ክንፍም ማንም ሳያዝዘው በጥቂቱ ከፍ አለ። ልጅቱ ይህን እንዳየች ሞተሩን ቀንሳ አውሮፕላኗን በሣሩ ላይ አሳረፈቻት። ከባትሪው ግማሹ እንኳ ገና አላለቀም ነበር።